የእማዬ ግቢ የጉድጓድ ውሃና የአር ኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መግቢያ

እማዬ የምትኖረው በመቂና በዝዋይ መካከል ነው። ግቢዋ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ ከእኛ ሌላ ጎረቤቶችም ይቀዱበታል። ውሃው ኩልል ያለ ነው። አይሸትም፣ አይደፈርስም። ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ግን በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም።

የሚታወቀው ጥርስ ላይ ሲወጣ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ያንን ቡናማ ቀለም ሳያውቀው አይቀርም። እኔም እህቴም ጥርሳችን ላይ አለ። በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም፤ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ አይደለምና። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ ሽፋኑ ሲሠራ የደረሰበት ጉዳት ነው። እህቴ ዘንድሮ ከሁለት ልጆቿ ጋር እማዬ ግቢ ገብታለች። ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። ቋሚ ጥርሶቿ አሁን ድድ ውስጥ እየተሠሩ ነው። እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው። ይህን ሥራ ያስጀመረችኝ ይህች ልጅ ናት።

ዛሬ የመጀመሪያውን ናሙና ቀዳሁ። ቧንቧውን ለጥቂት ደቂቃ ለቀቅኩት፤ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኩትና እስከ አፉ ሞላሁት። ጠርሙሱ ፕላስቲክ መሆን አለበት። ፍሎራይድ ከመስታወት ጋር ስለሚዋሃድ በመስታወት ጠርሙስ የሄደ ናሙና ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ናሙናውን አዲስ አበባ ላለ የውሃ ላብራቶሪ ሰጠሁ።

ጥቅምት አጋማሽ

ውጤቱ መጣ። ፍሎራይድ በሊትር 4.6 ሚሊግራም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን 1.5 ነው። ድርጅቱ እንደሚለው ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለበት ውሃ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የቀረው ውጤት የአካባቢውን ጠባይ ያሳያል። አጠቃላይ የሟሟ ጨው በሊትር 840 ሚሊግራም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ብዙ፣ ካልሲየም ትንሽ፣ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ኮምጣጣ ነው) 8.1። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ፍሎራይድ በውስጡ አለ። ውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት እንደ ድንጋይ ይቀመጥ ነበር። እዚህ ግን ካልሲየሙ ስላነሰ ፍሎራይዱን የሚይዘው ነገር የለም፤ ውሃው ውስጥ ይከማቻል።

እማዬ ውጤቱን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ “አፍልተን ብንጠጣውስ?” ብላ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል። ፍሎራይድ ግን አይተንም። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ እንዲያውም የቀረው ውሃ ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋርም እንዲሁ ለተሕዋስያን ነው፤ ፍሎራይድን አይነካም።

ኅዳር

አማራጮቹን ለማየት ጊዜ ወሰድኩ። ናልጎንዳ የሚባል ዘዴ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከህንድ ነው። አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ውስጥ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ ያለው ይቀዳል። ዕቃው ርካሽ ነው። ነገር ግን በየቀኑ መመጠን፣ ማማሰል፣ ዝቃጭ መጣል አለ። እማዬን በዚህ ዕድሜዋ በየጠዋቱ ኬሚካል መዝኚ ማለት አልፈለግኩም። የአጥንት ከሰል ሌላው ነው። የተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይድ ይይዛል፤ በደንብ ይሠራል። ግን መቼ እንደሚጠግብ በየጊዜው ካልተለካ አይታወቅም፤ ከአጥንት ያለፈ ውሃ አልጠጣም የሚል ቤተሰብም ብዙ ነው፤ ይህም ሊከበር ይገባል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሜምብሬኑ በጣም ስስ ሽፋን ነው። ውሃ በግፊት ሲጫነው ውሃውን ያሳልፋል፣ ጨውን አብዛኛውን ይመልሳል። ፍሎራይድም አብሮ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለከተማ ሕዝብ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1965 ኮአሊንጋ በምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ነው። እዚያም የተጣራው የባሕር ውሃ አልነበረም፤ ጨው የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ነበር። የእኛም ጉዳይ ያው ነው።

የገዛሁት ከዕቃ ማጠቢያ ሥር የሚቀመጠውን የቤት ማጣሪያ ነው። ደለል የሚይዝ ባለ 5 ማይክሮን ማጣሪያ፣ ሁለት የካርቦን ማጣሪያ፣ በቀን 75 ጋሎን የሚባለው ሜምብሬን፣ የግፊት ጋን፣ የመጨረሻ ካርቦን። ሰባ አምስት ጋሎን ወደ 284 ሊትር ነው፤ ያ ግን ፋብሪካው ባስቀመጠው ግፊትና በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ግዢው አንድ ነገር ልበል። አንድ ሻጭ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቀረበና ባለ ኤሌክትሪክ ዘንግ ከተተበት። የቧንቧው ውሃ በደቂቃ ውስጥ ቡናማ ሆነ፣ የተጣራው ጥርት እንዳለ ቀረ። “ይኸው ቆሻሻው!” አለ። ቆሻሻ አይደለም። ዘንጉ ብረት ነው። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ይበላል፤ ቡናማው ዝገት ነው። የተጣራ ውሃ ጨው ስለሌለው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ብረቱም አይዝግም። ይህን የሚያይ እናት ወይም አባት ይደነግጣል፤ በድንጋጤም ይገዛል። ውሃችሁ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግራችሁ ላብራቶሪ ነው፣ ዘንጉ አይደለም። ሳትለኩ አትግዙ።

ታኅሣሥ መግቢያ

ከመገጣጠሙ በፊት የግፊት ሒሳብ ተሠራ። ግቢው ውስጥ ሮቶው በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል፤ ከማዕድ ቤቱ ቧንቧ ሦስት ሜትር ያህል ይረዝማል። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። ስለዚህ እኛ ያለን 0.3 ባር ነው። 840 ሚሊግራም ጨው ያለበት ውሃ ግን በተፈጥሮው ወደ 0.6 ባር የሚጠጋ ግፊት በተቃራኒው ይገፋል። እሱን ያላለፈ ግፊት አንዲት ጠብታ አያወጣም። ሜምብሬኑ በደንብ ለመሥራት ከ3 ባር በላይ ይፈልጋል። “ማጣሪያ ገዛን፣ ውሃ ግን አይወጣም” የሚሉ ሰዎችን ሰምቻለሁ። ከሮቶ በቀጥታ ለሚጠቀም ቤት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

መፍትሔው ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው፤ 24 ቮልት፣ ፍጆታው ከአንድ አምፖል ብዙም አይበልጥም። ከፊቱ ውሃ ሲጠፋ የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ከኋላው ደግሞ ጋኑ ሲሞላ የሚያጠፋው። ሁለቱም የግድ ናቸው። የመጀመሪያው ከሌለ ሮቶው ባዶ በሆነ ቀን ፓምፑ ደረቁን እየሠራ ይቃጠላል።

የግፊት ጋኑ ውስጥ ጎማ አለ፤ ባዶ ሆኖ አየሩ 0.5 ባር መሆን አለበት። መለኪያ ስላልነበረኝ መቂ ወደሚገኝ ጎሚስታ ወሰድኩት። ለካውና “ይሄ ምን ዓይነት ጎማ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ፤ ሳስረዳው ሥራውን ትቶ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። የሱም ልጆች ጥርስ እንደኛው ነው። አየሩ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሞላልኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ገጠማ። ሩብ ኢንቹን ቱቦ በስለት ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ዋናው ነገር ነው። ጫፉ ትንሽ ካጋደለ ጎሚኒው ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ያንጠባጥባል። ቱቦው ወደ ውስጥ ሲገፋ ሁለት ጊዜ ይቆማል። መጀመሪያ የሚይዘው ጥርሱ ነው፤ ገፋ ሲያደርጉት ደግሞ ጎሚኒውን ያልፋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ላይ ያቆማል። እኔ ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረግኩ ነው ያስገባሁት፤ ምልክቱ ካልጠፋ አልገባም ማለት ነው።

ሜምብሬኑን ከማስገባቴ በፊት ካርቦኖቹን ብቻቸውን አጠብኩ። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ቀለም የመሰለ ጥቁር ውሃ ያወጣል። ያ ዱቄት ሜምብሬኑ ላይ ቢሄድ ይደፍነዋል። ውሃው ነጭ ሳፋ ላይ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ ለቀቅኩት። ከዚያ ሜምብሬኑን ገጠምኩ፦ ሁለት ትንንሽ ጎሚኒ ያለው ቀጭኑ ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ሰፊው ጎሚኒ ወደ ክዳኑ። ጎሚኒዎቹን በግሊሰሪን አለሰለስኳቸው። የመኪና ግራሶ ግን ጎማውን ስለሚጎዳ አይሆንም።

ማታ በየመገጣጠሚያው ላይ ደረቅ ሶፍት ጠመጠምኩና ፓምፑን አስነሳሁ። ጠዋት ሁሉንም አየሁ። አንዱ ሶፍት ብቻ ርሷል፤ የደለል ማጣሪያው ክዳን ሥር። ከፍቼ ሳየው ጎሚኒው ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተቀምጣለች። ጠርጌ መልሼ አጠበቅኩት፤ ደረቀ።

አዲስ ሜምብሬን እንዳይበሰብስ የተነከረበት መከላከያ ስላለ የመጀመሪያዎቹን ሙሉ ጋኖች ደፋን። እህቴ “ይህን ሁሉ ውሃ?” ብላ አዘነች፤ ግን ወለል ታጠበበት።

እስክሪብቶ የምትመስለውን የጨው መለኪያ ውሃው ውስጥ ስከታት መጀመሪያ 96 አለች፤ ቆይታ 52፣ በመጨረሻ 41 ላይ ረጋች። ከ840 ወደ 41 ማለት ከጨዉ 95 በመቶ ያህሉ ተወግዷል። ፓምፑ 5 ባር እየሰጠ በሰዓት ወደ አሥር ሊትር እናገኛለን። ለመጠጥ፣ ለቡና፣ ለሻይ፣ ለወጥና ለሊጥ ቤቱ በቀን 25 ሊትር ይበቃዋል። ለመታጠቢያና ለልብስ የተጣራ ውሃ ማባከን አያስፈልግም፤ ፍሎራይድ የሚጎዳው በአፍ ሲገባ ነው።

ግን እስክሪብቶዋ ፍሎራይድ አትለካም። የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ነው፤ ከዚያ ጨውን ትገምታለች። 41 ላይ ከደረሰው ውስጥ ፍሎራይዱ ስንት እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። በዝናብ ውሃና በጨው ውሃ መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ፣ ጥርስ የሚያበላሸውንና የማያበላሸውን አትለይም። ስለዚህ ልጆቹ ከመጠጣታቸው በፊት ናሙና እንደገና ወደ ላብራቶሪ ሄደ።

ታኅሣሥ መጨረሻ

0.4!

ስልኩን እንደዘጋሁ ለእህቴ ደወልኩ። የዚያኑ ቀን ማታ ልጆቹ ከማጣሪያው ጠጡ። እማዬ ቀመሰችና “ልጄ፣ ይሄማ የዝናብ ውሃ ነው፤ ጣዕም የለውም” አለች። እውነቷን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው ሶዳ ሶዳ የሚለውን ውሃ ነው።

ጥር

የቆሻሻ ውሃውን ነገር ማንሳት አለብኝ፤ ሻጮች ስለሱ አይናገሩም። ጆጉን ከተጣራው፣ ባልዲውን ከሚጣለው ሥር አድርጌ ለካሁ። አንድ ሊትር ንጹሕ ለማግኘት ሦስት ሊትር ይወገዳል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አራት ሊትር ሲገባ 18.4 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይዞ ይገባል። ንጹሑ አንድ ሊትር 0.4 ይወስዳል። የቀረው 18 ሚሊግራም በሦስት ሊትር ሲካፈል በሊትር 6 ይሆናል። መርዝ አይደለም፤ ከጉድጓዱ ውሃ በመጠኑ የባሰ ነው። ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወለል፣ ለልብስ ይሆናል። ለዶሮና ለላም ግን አይሰጥም፤ ከብትም በፍሎራይድ ይጎዳል። ጎመንና ቃሪያ ላይም እንዳይፈስ ነግሬያለሁ፤ ሶዲየሙ እየቆየ አፈሩን ያጠጥረዋል። ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ውጪ በርሜል ተቀምጦለታል፤ ሁልጊዜ ከበርሜሉ ሲቀዳ ነው የማየው።

ለጣዕሙ መጨረሻ ላይ ካልሳይት የተሞላ ማጣሪያ ጨመርኩ። ካልሳይት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። የተጣራው ውሃ ፒኤች 6 አካባቢ ነበር፤ ሜምብሬኑ ጨውን ሲያስቀር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ያሳልፋል፣ ያ ነው ውሃውን ትንሽ የሚያኮመጥጠው። ካልሳይቱ ሲሟሟ ካልሲየም ይጨምራል፣ ፒኤቹም ከ7 በላይ ወጣ። እማዬ አሁን “ደህና ነው” ትላለች።

ቡናው ግን ካልሳይቱ ሳይገባም ነው ያሸነፋት። በድሮው ውሃ የሚፈላው ቡና ድፍን ይል ነበር፤ ባይካርቦኔቱ የቡናውን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል። አሁን አቦል ሲቀዳ የቡናው ጣዕም ይለያል። ሊጡም እንዲሁ ነው። ቡኮው ሲኮመጥጥ የድሮው ውሃ ያንን አሲድ ያበርደው ነበር። አሁን ሊጡ ቀድሞ ይኮመጥጣል፤ እህቴ የመጋገሪያ ሰዓቷን ቀደም አደረገች። እነዚህን ለውጦች አስቀድሜ አላሰብኳቸውም፤ ቤቱ ማጣሪያውን የወደደው ግን በነሱ ነው። ፍሎራይድ የማይታይ ነገር ነው፤ ቡና ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይቀመሳል።

የሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ እንዳለው ለእህቴ ነግሬያታለሁ። ለትንሿ ከሻይ ይልቅ ወተት ይሻላታል።

የካቲት

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ስምንት ሊትር ገደማ ቶሎ ያልቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ድሮው ቧንቧ ይመለሳል፤ ይህ ዋና ሥጋት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ከፊሉን ጥቅም ያጣል። ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ ክዳንና ቧንቧ ያለው ንጹሕ ጀሪካን ሁልጊዜ ተሞልቶ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ፓምፑ 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አያይዤ፣ ፊውዝ አስገብቼ አዘጋጀሁለት። መብራት ሲጠፋ እህቴ ሶኬቱን ትቀይራለች፤ ሥራው ይቀጥላል።

ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ላይ እስክሪብቶዋ ከመቶ በላይ ማንበቧ እህቴን አሳስቧት ነበር። ማጣሪያው ቆሞ ሲያድር ጨው ቀስ እያለ በሜምብሬኑ ያልፋል፤ ግፊት ስለሌለ የሚመልሰው የለም። ፓምፑ ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 41 ይመለሳል። በየብርጭቆው ፓምፑን ከማስነሳት ጋኑ ጎደል ሲል አንዴ መሙላት ይሻላል።

መጋቢት

በልግ ዘነበ። ፓምፑ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይቆማል። የደለል ማጣሪያው ቤት ሲከፈት ነጩ ማጣሪያ የሻይ ቀለም ሆኗል፤ ስለተደፈነ ከፊት ያለው ማጥፊያ “ውሃ የለም” እያለ ያጠፋው ነበር። ማጣሪያው ተቀየረ፣ ፓምፑ ተረጋጋ። አሁን መለዋወጫዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ፤ የተቀየረበት ቀንም ማጣሪያው ላይ ተጽፏል።

በዚያው ሮቶው በበረኪና ታጠበ። ክሎሪን ሜምብሬኑን ይበላዋል። ካርቦኑ ትንሽ መጠን ይይዛል፣ የእጥበት መጠን ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ማጣሪያው የሚወስደው ሳራቺኔስካ ተዘጋ፤ ሮቶው ታጠበ፣ ሽታው እስኪጠፋ ተለቀለቀ፤ ከዚያ ተከፈተ። ይህን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፌ ሮቶው ሥር ለጥፌዋለሁ።

ግንቦት

የተጣራው ውሃ ሁለተኛ የላብራቶሪ ውጤት 0.5። ሜምብሬኑ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ በየስድስት ወሩ ይለካል፤ 1 ከደረሰ ሜምብሬኑን እንቀይራለን፣ 1.5 እስኪሆን አንጠብቅም።

ጎረቤቶች ጀሪካን ይዘው መምጣት ጀምረዋል። እማዬ ማንንም አትመልስም፤ እኔም እንድትመልስ አልፈልግም፤ የነሱም ልጆች ልጆች ናቸው። ፓምፑ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ቢሠራ መቶ ሊትር ያወጣል፤ ሦስት መቶ ሊትር ግን ይጣላል። ያን ያህል ውሃ ከጉድጓዱ በየቀኑ መሳብ ልክ አይደለም። የሚጣለውን በሁለተኛ ሜምብሬን ደግሞ ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ ሆኖም የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሲሊካ ይበዛበታል። ውሃው እየወፈረ ሲሄድ ሲሊካው ሜምብሬኑ ላይ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ያ ደግሞ በቀላሉ አይታጠብም።

ስለዚህ ፊታችንን ወደ ጣራው አዙረናል። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው። የእማዬ ቤት ቆርቆሮ 60 ካሬ ሜትር ነው፤ አሥር ሚሊሜትር በዘነበ ቀን የሚፈሰውን ጥለን እንኳ 480 ሊትር እናገኛለን። ክረምቱን ማጣሪያው ለእማዬ ቤት፣ ጣራው ለጎረቤት ይሆናል። አሸንዳው ተቆርጧል፤ ሁለተኛ ሮቶ ተገዝቷል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ እሱን የሚያስወግድ ቱቦ ከአሸንዳው ጋር ይገጠማል። ለተሕዋስያን ውሃ አጋር ይጨመርበታል። ከዚያ የሮቶው ውሃ ናሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ ወደዚያው ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ሲመጣ ጎረቤቶችን ቅዱ እንላቸዋለን።